ጣሪያ የነካ ድምፅ

ጥያቄ፦ ግጥም እያነበብኩ በኮምፒውተሬ እቀርጻለሁ። ዝግ ብዬ ሳነብ ጥሩ ነው፤ ድምፄን ከፍ ሳደርግ ግን በተቀደደ ስፒከር የሚሰማ ይመስላል። ከቀረጽኩ በኋላ በሶፍትዌሩ ብቀንሰውም አልተስተካከለም። አሁን 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ ላይ ነኝ። ወደ 96 ኪሎኸርዝ ባሳድገው ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም፤ 44.1ን ባለበት ይተዉት። መጀመሪያ ፋይሉን ይክፈቱና የሻከረውን ቦታ ሞገዶቹ አንድ በአንድ እስኪታዩ ድረስ ያጉሉት። ጤናማ ሞገድ እንደ ኮረብታ ክብ አናት አለው። የእርስዎን ግን በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ሆኖ ያገኙታል።

ኮምፒውተር ድምፅን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ከማይኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱ ልኬትም በቁጥር ይጻፋል። በ16 ቢት 65,536 እርከኖች አሉ። ከመጨረሻው እርከን ያለፈው ሁሉ በዚያው በመጨረሻው ቁጥር ይመዘገባል። መለኪያው ላይ ዜሮ ዴሲቤል የሚለው ይህ ጣሪያ ነው። ጫፉ ከመነሻው ስላልተጻፈ፣ በኋላ ሲቀንሱት ጠፍጣፋው እንደተቆረጠ ዝቅ ይላል እንጂ አይድንም።

ኪሎኸርዙ የሚወስነው በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ ብቻ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ከዚያ እጥፍ በላይ ከተለካ ይበቃል።

የሚጠቅምዎ ቢቱ ነው፤ 24 ያድርጉት። እያንዳንዱ ቢት በጣሪያውና በወለሉ፣ ማለትም ሊጻፍ በሚችለው በጣም ዝቅተኛ ድምፅ፣ መካከል ያለውን ርቀት በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ጣሪያው ከፍ አይልም፣ ወለሉ ግን ይርቃል፤ ስለዚህ ዝቅ አድርገው ቀርጸው በኋላ ቢያጎሉት ከቁጥሩ የሚመጣ ሹሹታ አያስቸግርዎትም።

እኔ ሙያውን የተማርኩት በቴፕ ነው። ቴፕ ሲሞላ ቀስ እያለ ስለሚታመቅ መርፌውን እስከ ቀዩ መግፋት ልማዳችን ነበር። በዚያው ልማድ አንዲት አዛውንት ሲያንጎራጉሩ በኮምፒውተር ቀረጽኳቸው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፃቸውን ለቀቁት፤ ልክ እዚያ ላይ ተቆረጠ። እሺ ብለው ደገሙልኝ፣ ያኛው ድምፅ ግን አልተመለሰም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የሚቀነሰው ከመቀረጹ በፊት ነው፤ ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው ሳጥን (ኢንተርፌስ) ላይ ባለው የጌይን፣ ማለትም የሚገባውን ድምፅ መጠን በሚወስነው፣ ማዞሪያ፣ ማይክዎ በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነም በራሱ ማዞሪያ ወይም በኮምፒውተሩ የማይክ ቅንብር። ሲሞክሩ «አንድ፣ ሁለት» አይበሉ። ከግጥሙ በጣም የሚጮሁበትን ስንኝ፣ እንደሚጮሁት አድርገው ያንብቡ። መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርስ ማዞሪያውን እዚያው ይተዉት፤ ስሜት ሲመጣ ሰው ከሙከራው በላይ ይጮሃል።

ለአንድ ሰው ድምፅ ሞኖ (አንድ ቻናል ብቻ) ይበቃል፤ በ24 ቢት ደቂቃው 8 ሜጋባይት ያህል ነው። ዋናውን በዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት) ያስቀምጡ፣ ኤምፒ3 ለሰው ሲልኩ ብቻ ያውጡ።