ካርታ ይዛችሁ መድረክ ለምትወጡ ልጆች

ልጆች፣ በስልካችሁ ቀርጻችሁ የምትልኩልኝን የመጫወቻ ካርታ ምትሃት ሁሉ አያለሁ። ጊዜ ሰጥቼ ነው የማየው። ጎበዞች ናችሁ፣ ጣቶቻችሁ በእናንተ ዕድሜ ከነበርነው ከእኛ ጣቶች ይበልጣሉ። ግን ሁላችሁም ትጣደፋላችሁ። ካርታው ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ሌላ ብቅ ይላል፣ እኔ የመጀመሪያውን ገና ሳላደንቅ እናንተ አራተኛው ላይ ናችሁ።

ስልክ ላይ ይሄ ያስኬዳል። መድረክ ላይ አያስኬድም። ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የካርታውን ቁጥር አያይም። የሚያየው አንድ ነጭ ነገር ከባዶ እጅ መውጣቱን ነው፣ ከዚያ ወዲያው ፊታችሁን ያያል። ፊታችሁ ካልተገረመ እሱም አይገረምም።

ካርዲኒ የሚባል የዌልስ ምትሃተኛ ነበር፣ በ1895 የተወለደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ምሽግ ውስጥ በብርድ ጓንት አድርጎ ካርታ ይለማመድ ነበር፣ በኋላም መድረክ ላይ በጓንት ሠራው። እኔ ግን የማደንቀው ጓንቱን አይደለም። ሰውየው መድረክ ላይ ሞቅ ያለው ጨዋ ሰው ሆኖ ነበር የሚቀርበው፣ ካርታው እሱ ሳይፈልግ እጁ ላይ እየመጣ የሚያስቸግረው ሰው። ስለዚህ ተመልካቹ ካርታውን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ጭንቀት ይከታተል ነበር። የአርጀንቲናው ሬኔ ላቫንድ ደግሞ በዘጠኝ ዓመቱ መኪና ገጭቶት ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነው። በቀረችው ግራ እጁ ብቻ እየሠራ «ከዚህ በላይ ቀስ ተብሎ ሊሠራ አይችልም» ይል ነበር። አንድ እጅ ያለው ሰው ቀስ ካለ፣ ሁለት እጅ ያላችሁ እናንተ ምን ያስቸኩላችኋል? በ2012 የዓለም የምትሃት ሻምፒዮና ላይ ዋናውን ሽልማት የወሰደው ኮሪያዊው ዩ ሆጂንም የሠራው ካርታ ነው። ሥራውን ፈልጋችሁ እዩት። ከእያንዳንዱ ካርታ በኋላ ምን ያህል ዝም እንደሚል ልብ በሉ።

ካርታን ከእጅ ጀርባ መደበቅ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ዘዴ ነው። አሜሪካዊው ሃዋርድ ተርስተን ስሙን የተከለው በእሱ ነው። ትንሿን የጣት እንቅስቃሴ የሚሸፍናት ትልቁ የክንድ እንቅስቃሴ ነው፣ ክንዳችሁም የሚሄድበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ዓይናችሁ ደግሞ የደበቃችሁበትን እጅ ማየት የለበትም፣ ሰው እናንተ የምታዩትን ነው የሚያየው። መስታወት ፊት ብቻ አትለማመዱ። ካርታው በሚደበቅባት ቅጽበት ሳታውቁት ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ፣ ስለዚህ ጥፋታችሁን አታዩትም። እዚህ ላይ ስልኩ ከመስታወት ይሻላል፣ ከፊት ብቻ ሳይሆን ከግራም ከቀኝም አስቀምጡት።

ምክንያቱም የእኛ ከተማ ሰው ፊት ለፊት ብቻ አይቀመጥም። በሆቴል አዳራሽም በሠርግም ከጎን ቆሞ የሚቀርጽ አለ፣ ከኋላችሁ ባንዱ አለ፣ አስተናጋጁ ትሪ ይዞ ያልፋል። ከእጅ ጀርባ የተደበቀ ካርታ ከኋላ ላለ ሰው ሙሉ በሙሉ ይታያል። ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ቦታውን እዩ፣ አዘጋጁንም አስቸግሩት። ጀርባችሁ ላይ መጋረጃ ወይም ግድግዳ ከሌለ ከእጅ ጀርባ የሚደበቀውን ትታችሁ ሌላ ሥሩ።

አየሩም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በበጋ ጣት ይደርቃል፣ ካርታ ያመልጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ካርታው እርጥበት ይጠጣና ይጣበቃል። እኔ በጋ ላይ መድረክ ከመውጣቴ ቀደም ብዬ እጄን ታጥቤ ጥቂት ግሊሰሪን እቀባና በደንብ እጠርገዋለሁ። ቫዝሊን አትንኩ፣ ካርታውን ያበላሸዋል። መርካቶ የምታገኙት ወፍራም የፕላስቲክ ካርታ ለኮንከር ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ሳሳ ያለ የወረቀት ካርታ ያስፈልጋችኋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሽቶ ከምታስመጡ እሱን አስመጡ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ የምላችሁ አለ። ሥራችሁን ጨርሳችሁ ስትወርዱ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ነገር መተት ነው እንዴ?» ይሏችኋል። ፈገግ ብላችሁ አትለፏቸው፣ ሚስጥራዊ ለመምሰልም አትሞክሩ። «አይደለም እማማ፣ የእጅ ልምምድ ነው» በሏቸው፣ አስረግጣችሁ። ሰውን በፍርሃት መያዝ ቀላል ነው፣ ግን የእኛ ሥራ አይደለም። ፒያሳና መርካቶ ጥግ ላይ ሦስት ካርታ እየገለበጡ የመንገደኛውን ብር የሚበሉትም እኛ የምንማረውን ነው የሚማሩት። የቲያትሩ ተመልካች ግን ሊታለል ፈቅዶ፣ ቲኬት ቆርጦ ነው የመጣው። ይህን ፈቃድ ካልሰጣችሁ ሰው ጋር በካርታ ብር አትያዙ። ሰፈር ውስጥ ኮንከር በገንዘብ የሚጫወቱ ጓደኞቻችሁ ቢጠሯችሁ፣ ማደሉንም ቢሆን ለሌላ ሰው ተዉት።