መልስ፦ ከአንድ ቴምፕሌት ብዙ ፋይል በጃቫ ማውጣት
ሰላም። አንድ ቴምፕሌት (ክፍት ቦታዎች ያሉት የፋይል ንድፍ) ከዳታቤዝ በሚመጣ መረጃ እየሞሉ ብዙ የኮንፊግ (የፕሮግራም ቅንብር) ፋይሎች ማውጣት እንደሚፈልጉና እስካሁን ቃል በቃል እየተኩ እንደሚሠሩ ጽፈዋል። ቴምፕሌቱ ውስጥ «ካለ፣ ከሌለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ወይም ድግግሞሽ ከሌለ እሱው ይበቃል፤ ላይብረሪ አይጨምሩ። ካለ ግን ፍሪማርከርን (FreeMarker፣ ቴምፕሌትን በመረጃ ሞልቶ ጽሑፍ የሚያወጣ የጃቫ ላይብረሪ) ይጠቀሙ። ተመሳሳይ ላይብረሪ የሆነው ቬሎሲቲም (Velocity) ይሠራል፤ ነገር ግን እሴት ያልተሰጠው ስም ሲያገኝ በነባሪው ስሙን እንዳለ ፋይሉ ላይ ይተወዋል። ፍሪማርከር ስህተት ብሎ ይቆማል፤ ለኮንፊግ የሚሻለው ይህ ነው።

የፍሪማርከርን ቅንብር የሚይዘውን የኮንፊገሬሽን ኦብጀክት አንዴ ብቻ ይፍጠሩ፤ በየፋይሉ አዲስ ከፈጠሩ ካሹ (የተነበበውን ቴምፕሌት ለድጋሚ አገልግሎት የሚያስቀምጥበት) ጥቅም የለውም። ውጤቱን መጀመሪያ ሜሞሪ ላይ ያውጡት፤ ሳይሰናከል ካለቀ በኋላ ዲስክ ላይ ይጻፉት። አለበለዚያ መሃል ላይ ስህተት ሲመጣ ግማሹ ብቻ የተጻፈ ፋይል ይቀራል፤ የሚያነበው ፕሮግራምም ሙሉ ይመስለዋል።

ቁጥሮቹን አደራ! ፍሪማርከር የፖርት ቁጥር 8080ን እንደ ቋንቋና አገር ቅንብሩ 8,080 አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ ለኮምፒውተር ንባብ የተዘጋጀውን የቁጥር ፎርማት ይምረጡ።

ፋይል ሲያነቡም ሲጽፉም የፊደላት ኮድ አሠራሩን ዩቲኤፍ-8ን (UTF-8) በግልጽ ይጥቀሱ፤ ጃቫ ነባሪ ያደረገው ከቨርዥን 18 ጀምሮ ነው።