አበባ አድርቆ ሬዚን (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል እንደ መስታወት የሚጠነክር ሙጫ) ውስጥ ማስገባት፦ ጥያቄና መልስ

ጥ፦ አደይ አበባ ቀለሙን ሳይለቅ እንዴት ይደርቃል?

መ፦ አደይ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ቢጫው ይጸናል። ጤዛው ከረገፈ በኋላ ረፋዱ ላይ፣ በደንብ የተከፈተውን ቅጠፉ። ክዳኑ በሚገጥም የምግብ ዕቃ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ደቃቅ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጠጠር) አንጥፉ፤ አበባውን ፊቱን ወደ ላይ አስቀምጡ። ከዚያ በማንኪያ ከዳር ወደ መሀል እየነሰነሳችሁ ሸፍኑት። ከላይ በአንዴ ካፈሰሳችሁበት የአበባው ቅጠል ይታጠፋል፤ ታጥፎ ከደረቀ ደግሞ ላቃናው ሲሉት ይሰበራል። ከ2 እስከ 4 ቀን ይበቃዋል። የሚሸውደው መሀሉ ነው፦ ዳሩ እንደ ወረቀት እየተንኮሻኮሸ ጉብታው ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። በጥፍር ጫን አድርጉት፤ ከሰመጠ ወደ ዕቃው መልሱት። ያልደረቀ አበባ ሬዚን ውስጥ አይገባም።

ጥ፦ ጽጌረዳዬ ጠቆረ፤ ምን አጥፍቼ ነው?

መ፦ ቀይ ከሆነ ምንም። ቀይ ሲደርቅ ይጠቁራል፣ ሬዚን ሲነካው ይብሳል። ፈካ ያለ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ምረጡ። ሙሉ ጽጌረዳ ሲሊካ ውስጥ ሳምንት ይፈልጋል። ሬዚን ውስጥ ከገባ በኋላ ቡናማ እየሆነ ከሄደ ግን ውስጡ አልደረቀም ነበር።

ጥ፦ ሲሊካ ጄል ውድ ነው፤ ሩዝ አይሆንም?

የጎፋዋ (አንባቢ)፦ ይሆናል፤ ሁለት ሳምንት መታገስ ብቻ ነው።

ቀለበት ሠሪ (ሌላ አንባቢ)፦ ሩዝ ራሱ እርጥበት ይዞ ነው የሚመጣው። ክረምት ላይ ትርፉ ሻጋታ ነው።

የጎፋዋ፦ ምጣድ ላይ አሙቆ ማቀዝቀዝ ነዋ!

ቀለበት ሠሪ፦ ከዚያማ ፈንዲሻ ይሻላል።

መ፦ ተዉት እንግዲህ። ሲሊካ ደጋግሞ ይሠራል። ብርቱካናማው እርጥበት ሲጠግብ አረንጓዴ ይሆናል፤ ኦቨን ውስጥ በ120 ዲግሪ ቀለሙ እስኪመለስ፣ 2 ሰዓት ገደማ፣ ይቆይ። ብናኙን አትሳቡ፤ ማስክ አድርጉ።

ጥ፦ አረፋ እንዴት ይጠፋል?

መ፦ የቱ አረፋ? ስታማስሉ የገባው ወይስ ከአበባው የወጣው? ለይታችሁ ጠይቁ። ከአበባው ከሆነ በቅጠሎቹ መሀል የታፈነ አየር ነው። መጀመሪያ አበባውን በቀጭን ብሩሽ ሬዚን ቀቡት። ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) ውስጥ ስስ ሬዚን አፍሱ፣ አበባውን ፊቱን ወደ ታች አጥልቁት፣ ሲይዝ ቀሪውን ጨምሩ። በአንዴ ወፍራም አድርጎ ማፍሰስ አይሆንም፤ ሬዚን ሲጠነክር ሙቀት ያመነጫል፣ ሙቀቱም አበባውን ያበላሻል።

ጥ፦ የትኛው ብራንድ ይሻላል?

መ፦ ብራንድ አልመርጥም። የሬዚኑና የማጠንከሪያው መጠን ጠርሙሱ ላይ 1 ለ 1 ካለ 1 ለ 1፣ 2 ለ 1 ካለ 2 ለ 1። በዓይን ግምት አይለካም።

ጥ፦ ትኩስ አበባ በቀጥታ ብጨምርስ?

መ፦ ከላይ አንብቡ።

ጥ፦ ስስ ነጭ አበባ ዘይት እንደነካው ወረቀት አሳላፊ ሆነብኝ።

መ፦ ሬዚኑ ሰርጎበት ነው። ከደረቀ በኋላ ሁለቱንም ፊት ነጭ ኮላ በስሱ ቀቡትና አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት። ኮላውም ውሃ አለውና መድረቅ አለበት።