መልስ፦ ቢራ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ከሆርሞን ጋር ይያያዛል?
እህቴ፣ «የወር አበባዬ ካበቃ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ቢራ ወዲያው እጨልጠዋለሁ፤ ሆርሞን ይሆን?» ላልሽው፣ ሊሆን ይችላል። ዋናው የሴት ሆርሞን ኤስትሮጅን ጣሪያ የሚነካው እንቁላል ሊለቀቅ ሲል ነው፤ በ28 ቀን ዑደት 12ኛውና 13ኛው ቀን አካባቢ። በ2024 በወጣ የዋይል ኮርኔል (የአሜሪካ ሕክምና ኮሌጅ) ጥናት ላይ ኤስትሮጅናቸው ከፍ ያለ ሴት አይጦች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች፣ አብዝተው ጠጥተዋል። የሚደንቀው ፍጥነቱ ነው፦ ሆርሞኑ እንደተለመደው ጂን እስኪቀሰቅስ ሳይጠብቅ፣ ከጭንቀት ጋር በተያያዘ የአንጎል ክፍል ያሉ ነርቮችን በገጻቸው ላይ ባለ፣ ሆርሞኑን በሚይዝ ተቀባይ በኩል በደቂቃዎች ውስጥ ያነቃል። በእርግጥ ይህ የታየው በአይጥ ነው።

የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን 1 ብለሽ የምትጠጪውን ለ3 ዑደት መዝግቢ። ከ11 እስከ 14 ባሉት ቀናት ምግብ ሳትበዪ አትጀምሪ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት በውሃ አሳልፊው። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ግን ያ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ስለሚጠፋ ቆጠራው ላያገለግልሽ ይችላል።