ስለ ዱቄት ትል ጠይቁኝ፦ ለግቢ ወፎችና ለዶሮ

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ግቢዬ ውስጥ የዱቄት ትል (አድጎ ጥቁር ጥንዚዛ የሚሆን ትል ነው) ማርባት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ባዮሎጂ አስተምር ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ትሉ ለስድስት ዶሮዎቼና ግቢዬ ለሚመጡ ወፎች ነው። ዛሬ ከሰዓት ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ፉርሽካችሁ ከየት እንደመጣ እወቁ። ደጋግሜ እለዋለሁ፤ አትሰልቹ።

ከፋሲሎ፦ ጋሼ፣ ገና ልጀምር ነው። ምን ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ጎኑ ልሙጥ የሆነ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ቢቻል ሦስት። ትሉ ልሙጥ ነገር ላይ መውጣት አይችልም። ካርቶን ከሆነ ግን ወጥቶ ይሄዳል። የስንዴ ፉርሽካ ሦስት ጣት ያህል ውፍረት አድርገህ አልብሰው። ከላይ የእንቁላል ካርቶን ቁራጭ ጣል አድርግበት፤ ጥንዚዛዎቹ ሥሩ መደበቅ ይወዳሉ። ለጥማቸው ካሮት ወይም ድንች ቆርጠህ ስጣቸው፤ በነጋታው የተረፈውን አንሳ። ውኃ አትርጭ። የመደርደሪያውን እግሮች ውኃ የያዘ ጣሳ ውስጥ አቁማቸው፤ አለዚያ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ይጨርስልሃል። ለመጀመሪያ 500 ትል ይበቃል። ፉርሽካውን ከየት ልትገዛ ነው?

ከፔዳ፦ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ እንደ ሙቀቱ ነው። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማዋል። እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይፈለፈላል። ትሉ ለመድረስ ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል። ከዚያ ፑፓ ይሆናል፤ ሳይበላ ሳይጠጣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይተኛል። ከፑፓው የሚወጣው ጥንዚዛ መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፤ ቀስ እያለ ይጠቁራል። ሁለት ሦስት ወር ይኖራል፤ አንዷ እንስት ጥቂት መቶ እንቁላል ትጥላለች። ከተማችን 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትሉ ቶሎ ያድጋል፤ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። እኔ በብርዱ ወራት ሳፋዎቹን እንጀራ ወደሚጋገርበት ክፍል አስገባቸዋለሁ፤ ጭሱ እንዳይደርስባቸው ራቅ አድርጌ።

ከሹም አቦ፦ የእኔ በሦስት ቀን ውስጥ ሁሉም አለቁ። ፉርሽካው ንጹሕ ነው፣ ራሴ ነኝ ያስፈጨሁት። ዝንብ እንዳይገባ ላዩን በአጎበር ሸፍኜ ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ አጎበሩ ነው። የወባ አጎበር ፀረ ተባይ የተነከረ ነው። ትንኝን የሚገድለው ትልንም ጥንዚዛንም ይገድላል። ያረጀ አጎበርም ቢሆን አትመኚው። ተራ የመጋረጃ ሻሽ ተጠቀሚ። የወባ ርጭት ሊያካሂዱ ሲመጡም ሳፋውን ከቤት አውጪው፤ ወዲያው አትመልሺው። ያለቀውን ሁሉ አውጥተሽ፣ ሳፋውን በሳሙና አጥበሽ እንደገና ጀምሪ።

ከዘንዘልማ፦ ሽሮዬ ውስጥ ትል አግኝቻለሁ። እሱን ማርባት እችላለሁ?

መልስ፦ አይደለም፣ ሌላ ነው። ሽሮ ውስጥ ድር የሚያደራው የእሳት ራት ልጅ ነው። የነቀዝ ትል ደግሞ እህሉ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚያድገው። የዱቄት ትል ቢጫ ነው፤ ቆዳው ጠንከር ያለ፣ ሲያድግ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ። እሱም ቢሆን ጎተራ ከገባ ተባይ ነውና እህል ከምታስቀምጡበት ክፍል አርቁት።

ከግሽ ዓባይ፦ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ዶሮ እንቁላል ትሰጣለች። የዱር ወፍ መቀለብ ግን ለምን? ሐይቅ ዳር ነፍሳት ሞልቷል፤ ራሷ ታገኛለች።

ከጣና ክፍለ ከተማ፦ አልስማማም። በእኛ ሰፈር ዛፉ ሁሉ ተቆርጦ ሕንፃ ሆኗል። የት ታግኝ?

ከግሽ ዓባይ፦ ሰው የመኖ ዋጋ አልቀመስ ብሎት አንተ ለወፍ ታስባለህ።

ከጣና ክፍለ ከተማ፦ ለሁለቱም ማሰብ ይቻላል እኮ። አንድ ቁንጥር ትል ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። ነፍሳት አለ፣ እውነት ነው። እኔም ዓመቱን ሙሉ አልቀልብም። ወፎቹ ጎጆ ሠርተው ጫጩት ሲይዙ ብቻ፣ ጠዋት አሥር ትል፣ ማታ አሥር ትል በሸክላ ሳህን አስቀምጣለሁ። ግቢዬ ውስጥ የዘይቱን ዛፍ አለ። ከዓይኗ በላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ደረቷ ብርቱካናማ የሆነ ወፍ ትመጣበታለች። ገና ሳይነጋ ስትዘፍን የምትሰሟት እሷ ናት። ትሉን አንስታ ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ሦስቴ ትመታዋለች። እስኪልም ትጠብቃለች። ከዚያ ይዛው ወደ ቁጥቋጦው ትገባለች፤ የጫጩቶቹ ጩኸት ይሰማኛል። ደንገል ጫፍ ላይ ጎጆ የሚሰፉት ቢጫ ወፎችም እንዲሁ ናቸው። እነሱ ራሳቸው ጥሬ ይለቅማሉ፤ ለጫጩቶቻቸው ግን ነፍሳት ነው የሚያመጡት። ርግብና ዋኖስ ሌላ ናቸው፤ ጫጩቶቻቸውን ከጉሮሯቸው በሚወጣ ወተት መሳይ ነገር ነው የሚያሳድጉት። ለእነሱ ትል ማስቀመጥ አያስፈልግም።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትሉ ፕሮቲን አለው፣ ስብም አለው፣ ካልሲየም ግን በጣም ያንሰዋል። ፎስፎረሱ ይበዛል። ጫጩት ትል ብቻ ሲበላ ካደገ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጣመማል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከአሥር አታሳልፉ። የእንቁላል ቅርፊት አጥባችሁ፣ ምጣድ ላይ አድርቃችሁ፣ እንደ በርበሬ አድቅቃችሁ ትሉ ላይ ነስንሱበት። ለትንንሽ ወፎች ቆዳውን ገና የገፈፈውን ነጭ ትል ምረጡ፤ ለስላሳ ነው። ትሉ እስኪደርስ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ቆዳ ይቀይራልና ፈልጋችሁ አታጡም።

ከዘጌ፦ እኛ ጋ የቡና ገለባ ሞልቷል። በእሱ ማርባት ይቻላል?

መልስ፦ አይሆንም። ፉርሽካ።

ከበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተማ፦ ትሉ የወፏን ሆድ በልቶ ይወጣል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሐሰት ነው። ከላይ እንዳልኩት ወፏ መትታ ነው የምትውጠው።

ከፖሊ፦ ፎም ይበላል የሚባለውስ? በ2015 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት አለ። ከተማውን ከቆሻሻ እናጸዳበታለን።

ከቀበሌ 14፦ እኔም አይቻለሁ። የዕቃ ማሸጊያ ፎም ከሰጠነው ፉርሽካም መግዛት ቀረ!

ከፖሊ፦ እንዲያውም ፕሮጀክት ብናደርገው...

መልስ፦ ጥናቱ እውነት ነው፤ ትሉ ፎም ይበላል። ግን ፎም ብቻ እየበላ አይፋፋም፤ ፎም ውስጥም ብዙ ጊዜ ሌላ ኬሚካል አለበት። ፎም የበላ ትል ለወፎቼ አልሰጥም። ፕሮጀክቱን ለብቻው ተነጋገሩበት፤ እዚህ ስለ መኖ ነው የምናወራው።

ከመሸንቲ፦ ጋሼ፣ ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ለፔዳው ልጅ ጽፌዋለሁ። ከላይ አንብበው።

ከፋሲሎ፦ ፉርሽካውን ከአንድ ነጋዴ ልገዛ ነው፤ ርካሽ ነው። ለምንድነው ይህን ያህል ስለ ፉርሽካ የሚያስጠነቅቁን?

መልስ፦ በደንብ ስለጠየቅህ በደንብ ልመልስ። በ2012 ዓ.ም. አንድ ኩንታል ገዛሁ። መልኩ ያማረ፣ ሽታ የሌለው። ሦስት ሳፋ ሞላሁበት። በሁለተኛው ቀን ትሎቹ ከላይ ወጥተው በጀርባቸው ተኝተዋል፤ እግራቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። በአራተኛው ቀን ጠቁረዋል። የሁለት ዓመት ዘር ነበር። ደግነቱ፣ ከዚያ ለወፎቹ አልሰጠሁም ነበር። ብሰጥ ኖሮ ጫጩቶቹንም እገድል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለነቀዝ ሁለት ዓይነት መድኃኒት አለ። አንደኛው ክኒኑ ነው፤ ጋዝ ያወጣል፣ እህሉ በደንብ ከተናፈሰ ጋዙ ይሄዳል። (ጋዙ ሰውም ይገድላል። ክኒን የገባበት እህል ባለበት ክፍል አትተኙ፣ ልጆችም አይተኙ።) ሁለተኛው እህሉ ላይ የሚነሰነሰው ዱቄት ነው፤ እንደ ማላታይን ያለው። እሱ በማናፈስ አይሄድም። እህሉ ቆዳ ላይ ነው የሚቀረው። ፉርሽካ ደግሞ ምንድነው? የስንዴው ቆዳ እኮ ነው። መርዙ ተሰብስቦ የሚቀመጠው እዚያው ነው።

ስለዚህ ሻጩን ጠይቁ፦ ስንዴው ምን ተደረገበት? ደግሞ ሞክሩት። አንድ ጣሳ ፉርሽካ ወስዳችሁ ሃያ ትል ጨምሩበትና አንድ ሳምንት ጠብቁ። ሃያውም በሕይወት ከቆዩ ግዙ።

ከሽምብጥ፦ ጥንዚዛዎቹ የራሳቸውን እንቁላል ይበላሉ መሰለኝ። አይበዙልኝም።

መልስ፦ ይበላሉ። ፑፓውንም ይበላሉ። ሦስት ሳፋ ያልኩት ለዚህ ነው። ጥንዚዛውን በየሁለት ሳምንቱ ወደ አዲስ ፉርሽካ አዛውሪ። የቀድሞውን ባዶ መስሎሽ እንዳትደፊው፤ እንቁላሉ ዱቄት ስለሚመስል አይታይሽም። ከወር በኋላ ጎንበስ ብለሽ እዪው፤ ፉርሽካው ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

ከቀበሌ 14፦ በወር ስንት ብር ያስገኛል?

መልስ፦ ሸጬ አላውቅም።

ከመሸንቲ፦ ለዶሮስ ስንት ልስጥ?

መልስ፦ ከቀን ምግቧ ከአሥር እጅ አንዱን አይለፍ። ዋናው መኖዋ ይቀጥል። የምትጥል ከሆነች የእንቁላል ቅርፊቱ ለእሷም ያስፈልጋታል።

ከሹም አቦ፦ ክረምት ላይ ፉርሽካው ይሻግትብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሐምሌ እስከ መስከረም ካሮቱን በትንሹ ስጪ፤ በሁለት ቀን አንዴ። ላዩን በሻሽ እንጂ በፕላስቲክ አትክደኚው። የሻገተውን እስከ እርጥበቱ ድረስ ዝቀሽ ጣይ። ወንፊት ሥር የሚቀረውን ደረቅ ኩስ ግን ለጎመንሽ አድርጊው፤ ጥሩ ማዳበሪያ ነው።

ከፋሲሎ፦ ጋሼ፣ ነጋዴውን አሁን ደውዬ ጠየቅሁት። ስንዴው ላይ መድኃኒት ተነስንሶበታል አለኝ። ለካ አምና ገዝቼ ያስቀመጥኩት ግማሽ ኩንታልም ከእሱ ነው።

መልስ፦ መጠየቅህ በጣም ጥሩ ነው። ያለህን ለዶሮም፣ ለበግም፣ ለላምም አትስጥ። ሐይቁ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ አትድፋው፤ ዓሣውም ወፉም ያገኘዋል። ከረጢቱን አስረህ ልጅና እንስሳ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጥና የግብርና ባለሙያ አማክር። እኔ ጋ የተፈተሸ ፉርሽካ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሳፋህን ይዘህ ና፤ አንድ ኩባያ ትልም እሰጥሃለሁ። ከሁለት ሰዓት በፊት ከደረስክ የዘይቱን ዛፏን ወፍ ታያታለህ።