«ጥፋቱ የጭጋጉ ነው» ለሚል ኩባንያ ምን መልስ ይሰጣል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአገር ወደ አገር በሚበር አነስተኛ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሳለ አውሮፕላኑ ጭጋግ ከሸፈነው ተራራ ጋር ተጋጭቶ ሕይወቱ አለፈ። ሚስትና ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት። ኩባንያው «አየሩ ከአቅማችን በላይ ስለነበር አንጠየቅም» ይላል። ሆኖም ሌላ ጥያቄ እንደማናነሣ ከፈረምን «በሰብዓዊነት» ገንዘብ እንደሚሰጥ ነግሮናል። እንፈርም ወይስ የምርመራውን ውጤት እንጠብቅ?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። አትፈርሙ፤ ምርመራውንም እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትጠብቁ።

መነሻውና መድረሻው አገር በዓለም አቀፍ በረራ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለውን ካሣ የሚወስነውን የሞንትሪያል ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1999) ተቀብለው ከሆነ ጉዳያችሁ የሚዳኘው በእሱ ነው። የአውሮፕላኑ ማነስ ለውጥ አያመጣም። በስምምነቱ መሠረት ተሳፋሪ በአውሮፕላኑ ላይ ሳለ በደረሰ አደጋ ከሞተ፣ አጓጓዡ እስከ 151,880 ኤስዲአር ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል። (ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን፣ ይህ ጣሪያ የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ወዲህ ለደረሱ አደጋዎች ነው።) የጉዳቱን መጠን ማስረዳት ግን የእናንተ ድርሻ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ጭጋግ መከላከያ አይሆንም።

ከጣሪያው በላይ ስትጠይቁ ኩባንያው ቸልተኛ እንዳልነበረ፣ ወይም ጉዳቱ በሌላ ወገን ጥፋት ብቻ እንደደረሰ ማስረዳት አለበት። የአየሩ ክርክር የሚነሣው ያን ጊዜ ነው፤ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ደካማ ክርክር ነው። ተራራው በካርታ ላይ አለ። ደመናውም አብዛኛውን ጊዜ በትንበያ ቀድሞ ይታወቃል። በዓይን እያየ ብቻ እንዲበር የተፈቀደለት አብራሪ ደመና ውስጥ ከገባ አድማሱን ያጣል፤ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከሆነም ለመመለስ የሚዞርበት ቦታ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው አየሩ ከፍቶ ነበር ወይ ሳይሆን፣ ከፍቶ ሳለ እንዲበር ማን ፈቀደ የሚለው ነው። ትንበያውን ከመነሣቱ በፊት ማን አየው? አብራሪው በመሣሪያ ብቻ ለመብረር ፈቃድ ነበረው? አውሮፕላኑ ወደ መሬት ሲቃረብ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ነበረው? የበረራ ዕቅዱ፣ የትንበያው ሰነድና የጥገና መዝገቡ እንዳይጠፉ ለኩባንያው ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቁ።

ስለ ምርመራው፦ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ስምምነት 13ኛ አባሪ እንደሚለው የአደጋ ምርመራ ዓላማ ሌላ አደጋን መከላከል እንጂ ጥፋተኛን መለየት አይደለም። የመጨረሻው ሪፖርት ቢቻል በ12 ወራት ውስጥ እንዲወጣ ይጠበቃል፤ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። የእናንተ የክስ መብት ግን አውሮፕላኑ መድረስ ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ካልተጠቀማችሁበት ይቀራል። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው በዚህ ነው።

ትኬቱ ላይ «አንጠየቅም» የሚል ጽሑፍ ቢኖር አያስደንግጣችሁ፤ ስምምነቱ ዋጋ ያሳጣዋል። ከአደጋው በኋላ በፈቃድ የሚፈረም የመተው ሰነድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሊያስራችሁ ይችላል። አስቸኳይ ገንዘብ ካስፈለገ «ቅድሚያ ክፍያ» የሚል ደረሰኝ ብቻ ፈርማችሁ ተቀበሉ፤ በኋላ ከካሣው ይቀነሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ካሣ የመጠየቅ መብት ያለው ማን እንደሆነ የሚወስነው ክሱን የሚያየው ፍርድ ቤት ሕግ ስለሆነ፣ እርስዎ እንደ እህት ላይካተቱ ይችላሉ። የልጆቹን ድርሻ በሚመለከት ደግሞ በብዙ አገሮች ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ስምምነት መፈረም አይቻልም። እናትየው ከኩባንያው ጋር ከመደራደሯ በፊት ጠበቃ ይህንን ያጣራላት።