ግብፅን ማን ይሁን?

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጎጃም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ርእሰ መምህራችን አንገሸገሸኝ። የድርድርን ትምህርት ሳስተምር ተማሪዎቼን ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ አድርጌ ስለ ዓባይ አደራደርኋቸው። ክፍሉ በጩኸት ቢናጋ «ቲያትር ቤት ከፈትሽ» ተባልሁ፤ በመምህራን ስብሰባ ላይም ተነሣብኝ። ሰሌዳ ሞልቶ ማስገልበጥ ብቻ ነው ማስተማር? ዕቅዴን የሚፈርመው እሱ ራሱ አይደለም? ግብፅን መሆን የፈለገ ስላልነበረ ዘንድሮ ከሌላ ወረዳ ለመጣ ዝምተኛ ልጅ ሰጠሁት፤ አላንገራገረም። እንዲያውም ከሁሉ አብልጦ የተከራከረው እሱ ነው። ደወል ሲደወል በዚያው ተበተንን። ርእሰ መምህሩ ግን የሚታየው ጩኸቱ ብቻ ነው። አሁን ልጆቹ «ግብፅ» እያሉ ይጠሩታል፤ ለጨዋታ ነው፤ እሱ ግን እጁን ማውጣት ትቷል። ይህን ዓይነት ትምህርት ልተወው ይሆን?

የመረራት መምህርት

መልስ

እህቴ፣ ጩኸት የሌለበት ድርድር እኔም አላየሁም። ርእሰ መምህርሽን በሚቀጥለው ጊዜ ጋብዢውና ሱዳንን ይሁን።

እኔን ያስቆጣኝ «አላንገራገረም» ያልሽው ነው። በምን አቅሙ ያንገራግር? ገና አገሩን ያልለመደ ልጅ፣ ሌላው ሁሉ የሸሸውን ወንበር መምህርቱ ስትሰጠው እንቢ ይላል? ዓባይ ከሰከላ በሚፈልቅበት ጎጃም ግብፅን መሆን ቀላል ሸክም አይደለም። ደግሞ ደወል ሲደወል ተበተናችሁ! ሌሎቹ ተደራዳሪነታቸውን እዚያው ጥለው ሲወጡ እሱ እንደተሸከመው ቤቱ ገባ።

አትተዪው፤ ጨርሺው። አሁን ግብፅን አንቺ ሁኚ፣ እሱ ለኢትዮጵያ ይደራደር። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ውሃውን ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ በውሉ እንዳልነበረችበት ንገሪያቸው፤ ይናደዱ፣ ሐቅ ነው። ቀጥለሽ ዝናብ የማያውቀው የግብፅ ገበሬ ያለዚያ ወንዝ እህል እንደማያበቅል አስረጂ። ሦስቱ መንግሥታት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ስለ ሕዳሴ ግድብ የመርሆች ስምምነት ከፈረሙ በኋላም ያከራከራቸው አንዱ ጉዳይ በድርቅ ዓመት ከግድቡ የሚለቀቀው ውሃ ነው። ልጆችሽ ለዚህች ጥያቄ መልስ ይፈልጉ፤ «የማን ነው» እያሉ ከመጮህ ይሻላቸዋል።

ደወሉ ሳይደርስ ግን አቁሚ። ሁሉም ከወንበሩ ተነሥቶ በራሱ ስም ምን እንደተሰማው፣ የት ላይ እንደተለሳለሰ ይናገር። ሽማግሌዎቻችንስ ያስታረቋቸውን አብረው ሳያበሉ መች ያሰናብታሉ?

ልጁን ለብቻው ጠርተሽ ክርክሩ እንዴት እንዳኮራሽ ንገሪው። ቅጽል ስሙን ደግሞ ነገ ጠዋት፣ ስም ከመጥራትሽ በፊት አስቁሚ፤ «ለጨዋታ ነው» የሚለውን እሱ ካላለው አንቺ አትበዪው።